ከገንፎው ውስጥ ስንጥር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኦዲት ነው። (ቆይ… ገጹን አትዝጉት! ዕድርም፣ የሐሰት ወርቅም፣ 14 የጠፉ ወንበሮችም አሉበት።)

"ኦዲት እያጠናሁ ነው" ስትሉት ሰው ፊቱ ላይ ከሁለት አንዱ ይነበባል። ወይ ያዝንላችኋል፣ ወይ ይፈራችኋል። የሚያዝንላችሁ፣ በዚህ ዕድሜ ቅዳሜና እሁድን ከደረሰኝ ጋር ማሳለፍ ምንኩስና ስለሚመስለው ነው። የሚፈራችሁ ደግሞ ኦዲተርን የፖሊስ ታናሽ ወንድም አድርጎ ስለሚያይ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ "ኦዲተሮች መጡ" ሲባል የሚፈጠረውን ግርግር ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሦስት ወር የተፈለገ ፋይል በግማሽ ቀን ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ የማይሰጥ ሰውዬ ማኪያቶ ይጋብዛል።

እኔ ያጠናሁት ለኤሲሲኤ ነው። ይሄ በ1904 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተመሠረተ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ፈተናዎቹን ጨርሳችሁ የሥራ ልምዱን ካሟላችሁ በብዙ አገር የሚታወቅ ወረቀት ይሰጣችኋል። የፈተናዎቹ ብዛት 13 ሲሆን በአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ይዘልላል። እኛ አገር ነገሩ የሞቀው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ግዴታ ካደረገ ወዲህ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የሥራ ማስታወቂያ ላይ "ኤሲሲኤ ያለው ይመረጣል" የምትል ዓረፍተ ነገር በዛች። እኛም ከሥራ በኋላ ደብተራችንን ይዘን ተመለስን፤ ምን እናድርግ።

ከ13ቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያማርረው "ኦዲትና አሹራንስ" የሚባለውን ነው። ሦስት ሰዓት፣ 100 ነጥብ፣ ማለፊያው 50። 15 የምርጫ ጥያቄዎች 30 ነጥብ ይይዛሉ፤ የቀረውን 70 የሚወስዱት ሦስት ረጃጅም ጥያቄዎች ናቸው። የሂሳብ ሰው ቁጥር ነው የለመደው። ዴቢት ከክሬዲት እኩል ሲመጣለት ነፍሱ ትረካለች። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚሰጣችሁ ወሬ ነው። አንድ በዓለም ላይ የሌለ ድርጅት አለ፣ የፋይናንስ ኃላፊው ባለፈው ወር ለቋል፣ መጋዘኑ ሦስት ቦታ ነው፣ ደሞዝ የሚያዘጋጀውም የሚከፍለውም አንድ ሰው ነው። "ችግሮቹን አውጣ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስከትል አስረዳ፣ ምን እንደምታደርግ ጻፍ" ይላችኋል። "ደረሰኞቹን አያለሁ" ብላችሁ ብትጽፉ ነጥብ የለም። የትኛውን ደረሰኝ? ከየት ወደየት? ምን ለማረጋገጥ?

እንግዲህ ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ስሸመድድ የነበረው ይህንን ነው። ሁሉም ነገር ይሸመደዳል፤ አንድ ነገር ግን አልሸመደድ አለኝ። በመጽሐፉ ላይ ሙያዊ ጥርጣሬ ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ነገር ነው። ትርጉሙ ከባድ ሆኖ አይደለም። ሰውየው ሌባ ነው ብለህ አትነሳ፣ ሐቀኛ ነው ብለህም አትነሳ፣ የሚነገርህን ሁሉ በማስረጃ መዝነው ነው የሚለው። ተረታችን "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ይላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬን ፈረንጅ አላስተማረንም። ችግሩ እኛ የምንጠረጥረው በሆዳችን መሆኑ ነው። በአፋችንማ "ኧረ እርስዎንማ ማን ይጠረጥራል!" እንላለን፣ ፈገግ እንላለን፣ ወጥተን ለጎረቤት እናወራለን። መጽሐፉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። በሆድህ ማንንም አትፍረድ፣ በአፍህ ግን ጠይቅ፣ ወረቀቱን አምጣ በል። ይሉኝታ ለሚባለው ነገራችን ይሄ የእሬት ያህል ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይሄን ከማኅፀን ይዘውት አልወጡም። በ1896 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የኪንግስተን የጥጥ ፋብሪካ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለዓመታት የመጋዘኑን ክምችት ከልኩ በላይ አድርጎ ሲጽፍ ኦዲተሮቹ የእሱን የምስክር ወረቀት ተቀብለው አልፈውታል። ፍርድ ቤቱ ኦዲተሮቹን ነፃ አወጣቸው። ዳኛው ሎፕስ ኦዲተር የቤት ጠባቂ ውሻ እንጂ አነፍናፊ ውሻ አይደለም አሉ፤ ይቺ አባባል ይኸው እስከ ዛሬ ተማሪ ታሸመድዳለች። (ሁለቱም ውሻ መሆኑ ሙያችንን ብዙም አላስከበረውም።)

ከዚያ አሜሪካ ላይ በ1938 እ.ኤ.አ. የማክኬሰን ኤንድ ሮቢንስ ጉድ ወጣ። ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ነው። በመዝገቡ ላይ ከነበረው 87 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ውስጥ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋው በዓለም ላይ የለም። ካናዳ መጋዘኖች ውስጥ አለ የተባለው የመድኃኒት ጥሬ ዕቃ ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው። ወረቀቱ ግን ሙሉ ነበር፤ ማዘዣ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ሁሉም ይገጣጠማል። ኦዲተሮቹ ወረቀትን ከወረቀት ጋር አመሳከሩ እንጂ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ያየ አልነበረም፤ በጊዜው ደንብም ሂዱ አይላቸውም። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ራሱ የውሸት ስም ይዞ የሚኖር፣ ቀደም ሲል በማጭበርበር የተፈረደበት ፊሊፕ ሙሲካ የሚባል ሰው ሆኖ ተገኘ። ኦዲተር ዓመታዊ ቆጠራ ላይ በአካል ይገኝ፣ ከተበዳሪዎችም በቀጥታ ማረጋገጫ ይጠይቅ የሚለው ግዴታ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ መጽሐፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ አሰልቺ ደንብ ከኋላው አንድ የተዘረፈ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ለማስታወስም ቀለለኝ።

የራሳችንም አለን። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንካችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ "ይሄ እኮ ብረት ነው" ተብሎ የተመለሰበትን ታስታውሳላችሁ? በወርቅ የተለበጠ ብረት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ የነበሩት አያቶቻችን ብረቱን አላሰቡትም ነበር። ያኔ ተማሪ ስለነበርኩ የሰማሁት እንደ ቀልድ ነው። ዘንድሮ "ንብረቱ በእርግጥ አለ ወይ?" የሚለውን ምዕራፍ ሳነብ ግን ትዝ አለኝ። ሳጥን ከፍቶ ቡና ቤት ጠርሙስ እንደሚቆጠር መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ የተቆጠረው ነገር የተባለው ነገር መሆኑን ማወቅ ሌላ ነው። ኦዲተር አንጥረኛ አይደለም፤ ስለዚህ ደንቡ የማታውቀው ነገር ሲሆን አዋቂ ጥራ ይላል።

በዚህ መሃል ነው እንግዲህ ዕድራችን እኔን ኦዲተር አድርጎ የመረጠኝ።

እናቴ ጉልበቷ ስለደከመ የዕድር ስብሰባ የምሄደው እኔ ነኝ። መስከረም መጨረሻ ላይ አሮጌው ኦዲተር ሰፈር ለቀው ስለሄዱ "ማን ይሁን?" ተባለ። አንዷ እትዬ "ይቺ ልጅ እሱን አይደል እንዴ የምትማረው" አሉና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። ጭብጨባ ሆነ። እኛ ዕድር ውስጥ ጭብጨባ ማለት ይግባኝ የለውም ማለት ነው።

መጽሐፉ ቢጠየቅ ኖሮ እኔ መመረጥ አልነበረብኝም። የኦዲተርን ገለልተኝነት የሚያጠፉ አምስት አደጋዎች ተብለው የሚሸመደዱ አሉ። የግል ጥቅም፣ የራስን ሥራ መልሶ መመርመር፣ ለሚመረመረው ጠበቃ መሆን፣ መላመድና መፈራራት። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ የእህቴ የክርስትና አባት ናቸው። ይሄ መላመድ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስገባ መሥሪያ ቤቱ ዋስ አምጪ ሲለኝ፣ የሥጋ ዘመዶቼ "እስቲ እናያለን" ሲሉኝ፣ የደሞዝ ማስረጃቸውን ይዘው መጥተው ያለ አንድ ጥያቄ የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ዋሴን ነው ልመረምር የተመረጥኩት። ለዚህ መጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳን የለውም።

እንቢ ብል ግን ማን ይተካኛል? 180 አባወራ ባለበት ሰፈር ከገንዘብ ያዡ ጋር በጋብቻ፣ በክርስትና ወይም በብድር ያልተሳሰረ ሰው ከተገኘ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ሁሌ ሽሽ አይልም፤ አደጋውን መቀነሻ አብጅለት ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ይጨመርልኝ አልኩ። ከታችኛው መንደር ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ተጨመሩ። ጋሼን የሚያውቋቸው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ለስህተት ደግሞ ርኅራኄ የላቸውም፤ አንድ ትውልድ በቀይ እስክሪብቶ የጨረሱ ሰው ናቸው።

ከወንበሮቹ ጀመርን። የንብረት መዝገቡ 240 የፕላስቲክ ወንበር ይላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የዕድሩ ዕቃ ቤት ተከፍቶ ቆጠርን፤ 226። 14 ጎደለ። ጋሼ ምንም ሳይደናገጡ ከኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። ዘጠኙን ጎረቤት ዕድር ተውሶታል፣ አምስቱ ተሰብሯል። "ይኸው ጽፌዋለሁ" አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "እሺ ጋሼ" ብዬ ቡና እንጠጣለን። መምህሩ ግን መነጽራቸውን አስተካከሉና "ሄደን እንየው" አሉ። ጎረቤት ዕድር ሄደን ጸሐፊያቸውን ጠየቅን፤ ዘጠኝ እንደወሰዱ አመኑ፣ ወንበሮቹንም አሳዩን፣ ወረቀት ላይ ፈረሙልን። ለተሰበሩት ደግሞ ጋሼ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ እየጎተቱ አመጡ። ስብርባሪውን አስቀምጠውታል! መሬት ላይ ዘርግፈን መደገፊያ መደገፊያውን ለይተን ቆጠርን። አምስት። ሰው ቢያየን አብደዋል ይለን ነበር፤ የሰፈር ልጆችማ ብለውናል።

እስካሁን ያደረግነው ከመዝገብ ወደ ዕቃ ቤት መሄድ ነው። የተጻፈው በእርግጥ አለ ወይ ነው ጥያቄው። የፈተናው ወዳጆች ሁሉ የሚወድቁባት ነገር ግን የመልሱ ጉዞ ናት። ከዕቃ ቤት ወደ መዝገብም መሄድ አለ፤ ያለው ሁሉ ተጽፏል ወይ ለማለት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ዓይናችን ያረፈበትን እያነሳን መዝገቡ ላይ ስንፈልግ ሦስት ትልልቅ ድስቶችና አንድ ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ የትም የሉም። የማን ናቸው? አንድ ቤተሰብ ለእናቱ ሙት ዓመት ለዕድሩ የሰጠው ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ የመዘገበው ግን የለም። ነገ አንዱ ተሸክሟቸው ቢሄድ ዕድሩ "ጠፋብኝ" ለማለት እንኳን ማስረጃ የለውም። እስከዚያች ቀን ድረስ ይሄ "ከየት ወደየት" የሚባለው ነገር ይምታታብኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ፈተና ላይ የመጣ ድርጅት ሁሉ ወንበርና ድስት ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ባንኩ ላይ ትንሽ አስቸገረ። ጋሼ የባንክ ደብተሩን አምጥተው ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ ቅርንጫፉ ድረስ አብረን ሄደን የሂሳቡን መግለጫ ባንኩ ለእኔ ለራሴ ይስጠኝ አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። "ደብተሩን አላመንሽውም?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎን እኮ አይደለም… ወረቀቱ ከባንኩ እጅ ወደ እኔ እጅ መምጣት ስላለበት ነው።"

"እንግዲህ እኔ እጅ ሲደርስ ነው የሚበላሸው?"

ምን ልበላቸው? በ2020 እ.ኤ.አ. ዋየርካርድ የተባለ የጀርመን ኩባንያ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ፊሊፒንስ ባንክ አለኝ ብሎ፣ ባንኮቹ ሲጠየቁ ወረቀቱ የሐሰት ሆኖ ተገኘ፣ ኦዲተሮቹም ለዓመታት ከባንኩ በቀጥታ ሳይሆን በመካከል ካለ ሰው የመጣ ወረቀት ይቀበሉ ነበር ተብለው ተወቀሱ ብዬ ላስረዳቸው? ለ17 ዓመት የሰው ቀብር ሲያስፈጽሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዋየርካርድ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ስድብ ነው። ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ኮታቸውን ደርበው ወጡ፤ ባንክ እስክንደርስ አልተነጋገርንም። የባንኩ ወረቀት ከደብተሩ ጋር በሳንቲም አይለያይም ነበር።

የሚያስቸግረው ነገር የመጣው እኔ በጭራሽ ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። ኦዲት ውስጥ በጣም ቀላል የምትመስል ዘዴ አለች። ዝርዝር ከማየትህ በፊት ቁጥሩ ስንት መሆን ነበረበት ብለህ ራስህ ገምት፣ ከዚያ ከመዝገቡ ጋር አስተያየው ትላለች። 180 አባወራ፣ በወር 100 ብር፣ በዓመት 12 ወር፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 216,000 ብር መሰብሰብ ነበረበት። መዝገቡ ላይ የገባው 201,000 ነው። ውዝፍ ያለባቸው ስም ዝርዝር ሲደመር 12,600። የቀረው 2,400 ብር የት ገባ?

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡና "2,400 እኮ የሁለት ሰው የዓመት መዋጮ ነው" አሉ። ልክ ነበሩ። ሁለት ስሞች ላይ ዓመቱን ሙሉ ክፍያ የለም፤ ውዝፍ ዝርዝሩ ውስጥም የሉም። እንደ ጠፋ ክር በመሃል ሾልከዋል።

ጋሼን ጠየቅናቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ መምህሩን ትንሽ ውጡልን ብለው ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። (መምህሩ ወጡ፤ እኔ ግን በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቀድሜ ለጋሼ ነገርኳቸው።) ሁለት ጧሪ የሌላቸው እናቶች ናቸው። ከዕድሩ ዳኛ ጋር ተነጋግረው "አንጠይቃቸው፣ ሲሞቱ ግን እንደ ሰው እንቅበራቸው" ተባባሉ። ቃለ ጉባኤ የለም፣ ውሳኔ የለም፣ ወረቀት የለም። እናቶቹ ራሳቸው ማን እንደከፈለላቸው አያውቁም፤ ልጅ የከፈለላቸው ይመስላቸዋል።

"ይሄ ነገር ጉባኤ ላይ ይነበባል?" አሉኝ።

"ሪፖርቱ ውስጥ መግባት አለበት ጋሼ።"

"እኔ 2,400ውን ከኪሴ ልክፈልና ይዘጋ።"

እናንተዬ፣ ምን ትሉ ነበር? ጡረታቸው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ገንዘቡን ቢከፍሉ መዝገቡ ይገጥማል፣ ማንም አያፍርም፣ እኔም ወደ ጥናቴ እመለሳለሁ። ግን መዝገቡ ያኔ የሚናገረው ያልሆነ ነገር ነው፤ ሁለት ሰው በየወሩ ከፈሉ ይላል። ዘንድሮ በደግነት የተሞላ ክፍተት ዓምና ምን ነበር፣ ከርሞስ ሌላ ገንዘብ ያዥ ሲመጣ ምን ይሆናል? በዚያ ላይ ሐቀኛ ሰው ከራሱ ኪስ አውጥቶ የደፈነው ጉድለት ከውጭ ሲታይ ሌባ የመለሰው ገንዘብ ነው የሚመስለው። የሚያውቅ እኔና እሳቸው ብቻ፤ እኔ ነገ ባልኖርስ?

"አይሆንም" አልኳቸው። የዋሴን ፊት እያየሁ።

መምህሩ በሌላ መንገድ መጡ። ማቴሪያሊቲ የሚባለውን ነገር ሳስረዳቸው ወደውት ነበር፤ አንድ ስህተት አንባቢውን ውሳኔ የሚያስለውጥ ካልሆነ ሚዛን አይደፋም የሚለውን ማለቴ ነው። የተለመደው ግምት ከጠቅላላ ሀብት አንድ ወይም ሁለት በመቶ ነው። የዕድራችን ሀብት ከነድንኳኑ ወደ 600,000 ብር ስለሚጠጋ አንድ በመቶው 6,000 ነው። "2,400 ከዚያ በታች ናት፤ ባንቺው ሚዛን እንለፋት" አሉኝ። የፊዚክስ ሰው! መልሴ ግን መጽሐፉ ውስጥ ነበር። ሚዛን በብር ብቻ አይለካም፤ አንዳንድ ነገር በመጠኑ ሳይሆን በዓይነቱ ሚዛን ይደፋል። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተነጋግረው የዕድሩን ደንብ የለወጡበት ነገር ትንሽ ብትሆንም ትንሽ አይደለችም። ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ ስም ሳንጠቅስ እንዲህ ብለን ጻፍን። የሁለት አባላት የዓመት መዋጮ ብር 2,400 አልተሰበሰበም፤ በሥራ አመራሩ ታውቆ የተደረገ ቢሆንም በቃለ ጉባኤ አልተደገፈም፤ አቅም ለሌላቸው አባላት የሚሆን ደንብ ይውጣ።

"ኦዲት" የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መስማት ነው። ድሮ ሂሳብ የሚመረመረው ጮክ ተብሎ እየተነበበ ነበርና። ለንደን ላይ ይሄ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል፤ እኛ ዕድር ግን አሁንም እንደዚያው ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ድንኳን ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። 226፣ ዘጠኝ፣ አምስት። ሦስት ድስት። ሰው በድስቶቹ ሳቀ። 2,400ዋ ላይ ስደርስ ሳቁ ቆመ።

"እነማን ናቸው?" አለ አንዱ ከኋላ።

ከሁለቱ እናቶች አንዷ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው። ጋሼ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ስም በሪፖርቱ ውስጥ የለም፣ አልናገርም አልኩ። "እንዴት አይነገርም፣ የሁላችን ገንዘብ አይደለም እንዴ?" ተባለ። እውነቱን ነው እኮ፤ የሁላችን ገንዘብ ነው። ግርግር ሆነ። አንዱ "እንዲያ ከሆነ እኔም ድሃ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልከፍልም" አለ፤ ቤቱን በሁለት ፎቅ የሠራ ሰውዬ ነው። ከዚያ ጥሩምባ ነፊያችን ተነሱ። ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ሥራቸው ሌሊት ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞሩ መጥራት ነው። "እኔ ስጠራ ማን ሞተ ትላላችሁ እንጂ ከፍሎ ነበር ወይ ያለኝ ሰው የለም" ብለው ተቀመጡ። ክርክሩ ግን በዚያ አልቆመም፤ ሌላ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ እስከ አምስት አባወራ ድረስ ሥራ አመራሩ ከመዋጮ ነፃ ማድረግ ይችላል፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ስሙ የሚገባበትን መዝገብ ዳኛውና ኦዲተሮቹ ብቻ ይዩት ተብሎ በእጅ ብልጫ አለፈ። ባለ ሁለት ፎቁ ተቃወመ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፈተናውን ተፈተንኩ። የዲሴምበር ዙር እኛ ጋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የሚውለው። ጥር ላይ ውጤቱ ወጣ፤ አለፍኩ። (በስንት እንዳትሉኝ፤ ማለፊያው 50 ነው ብያለሁ።)

ጋሼ እንደ ድሮው አልሆኑልኝም። ሰላም ይሉኛል፣ እናቴን ይጠይቁኛል፣ ቀልዱ ግን ቀርቷል። ለማንኛውም ነገር ግን ወረቀት ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ባለፈው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሲሰጡኝ ከኪሳቸው ያቺን ደብተር አውጥተው "ፈርሚ" አሉኝ። ሳቅ ያሉ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ፈረምኩ።

አሁን ወንበሮቹ ላይ ቁጥር እየቀባን ነው። ጋሼ ቀለሙን ገዝተው ደረሰኙን አያይዘዋል፤ መምህሩ በስቴንስል ይቀባሉ፤ እኔ መዝገቡን ይዣለሁ። ጎረቤት ዕድር ዘጠኙን መልሷል፤ የተሰበሩት አምስቱ ተሰርዘዋል፤ 235 መሆን አለበት። ቁጥር 118 ግን ሁለት ወንበር ላይ ተቀብቶ ተገኝቷል። ጋሼ "እንግዲህ ኦዲተሮቹ ያብራሩ" ብለው በራፉ ላይ ተቀምጠዋል።